ጂኦሜትሪ የተከለከለው ልጅ

የሂሳብ ሊቁን ብሌዝ ፓስካልን (የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1623 ነው) ቤት ውስጥ ያስተማረው አባቱ ኤቲየን ነው። ኤቲየን ራሱ የሂሳብ ሊቅ ቢሆንም፣ ሂሳብ የልጁን ልብ ሰርቆ ቋንቋ እንዳያስጠላው ሰግቶ የሂሳብ መጻሕፍቱን ደበቀበት። ልጁ ግን በ12 ዓመቱ ወለሉ ላይ በከሰል እየሣለ፣ መስመሩን ዘንግ፣ ክቡን ቀለበት እያለ፣ የጎነ ሦስት ዘዌዎች ድምር ሁለት ቀጤ ዘዌ መሆኑን ደረሰበት። አባትየው ይህን ሲያይ ክልከላውን ትቶ የኤውክሊድን የጂኦሜትሪ መጽሐፍ ሰጠው። በእኔ እምነት ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ልጁን አይቶ የራስን ዕቅድ መለወጥ።

ታሪኩን የጻፈችው እህቱ ስለሆነች አጋንናዋለች የሚል ይኖራል። ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ፓስካል በ16 ዓመቱ ስለ ኮን ቁርጦች የጻፈው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1640 ታትሟል። ታዲያ ማዘግየቱ ነው የበጀው? አይመስለኝም፤ ማስቸኮልም ቢሆን ብቻውን አይበጅም። እንግሊዛዊውን ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚልን አባቱ በ3 ዓመቱ ግሪክኛ አስጀምሮታል፤ በከፍተኛ ሂሳብ ግን ከመጻሕፍት ጋር ብቻውን ተወው። ሚል በግለ ታሪኩ እንደሚነግረን፣ አባቱ የሚቆጣው ልጁ ገና መሠረቱን ያልያዘለትን ጥያቄ መፍታት ሲያቅተው ነበር፤ መሠረቱ መጉደሉንም አላስተዋለም።