ከእንጦጦ ምንጭ እስከ ኮርኒስ ቧንቧ

ማለዳ በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቁልቁለት ላይ ቆሞ ለሚያይ፣ መንገዱን ሁለት ሸክም ይጋሩታል። ተጠምቆ የሚመለሰው ምእመን ጸበሉን በጀሪካን ይዞ ይወርዳል። ከጎኑ ወገባቸው የጎበጠ እናቶች የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል አዝለው ወደ ከተማው ያዘግማሉ። አንዱ ውሃ ነው፤ ሌላው ነገ እሳት የሚሆን። አዲስ አበባ ለብዙ ዘመን ሁለቱንም ከዚህ ተራራ ስታገኝ ኖራለች። የቸገራት ውሃውን እሳቱ በተነሣበት ሰዓትና ቦታ ማግኘት ነው።

ፎቅ ላይ የሚኖረው ሰው በበዛ ቁጥር ይህ ችግር አዲስ ጥያቄ ወልዷል። ስፕሪንክለር፣ ማለትም ሙቀት ሲነካው ከኮርኒስ ላይ በራሱ ውሃ የሚረጨው መሣሪያ፣ እኛ ዘንድ የሆቴልና የመጋዘን ዕቃ ተደርጎ ይታያል። መኖሪያ ቤትስ ይግባ ወይ? ወጪውን ይመልሳል? ወደ ዋጋው ከመሄዳችን በፊት ከተማዋ እስካሁን ከእሳት የዳነችው በምን እንደሆነ ማየት ይጠቅማል።

ሣር፣ ባሕር ዛፍ፣ ቆርቆሮ

አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ፣ በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃ አጠገብ የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ገና ሕፃን ነበረች። ምኒልክን ከተራራው ያስወረዷቸው ብርዱና የማገዶ እጥረቱ ነበሩ። እጥረቱ ወደ ታችም ተከትሎ ወረደ። ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ሲታሰብ፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ የገባው ባሕር ዛፍ ደረሰ። ከተማዋ ረጋች። ከዚያ ወዲህ ምሰሶው፣ ማገሩና ወራጁ፣ ከጉልቻው ሥር የሚነደውም ጭምር አንድ ዛፍ ሆነ። ቤቱም ማገዶውም ከአንድ ግንድ ተቆረጡ።

ጣሪያው ሣር በነበረበት ዘመን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከተማዋ ሁለት ጊዜ በመራራ አይታዋለች። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከተማውን ለቀው ከወጡ በኋላ፣ ጣሊያን ሚያዝያ 27 እስኪገባ ድረስ ከተማው ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ቀናት ደግሞ ፋሺስቶቹ የድሃውን ጎጆ ሆን ብለው በቤንዚን አቃጠሉት። ያ እሳት አደጋ ሳይሆን ወንጀል ነበር። ሣር ጣሪያ ግን ለወንጀለኛም ለድንገተኛ ፍንጣሪም እኩል ይመቻል።

ለውጡን ያመጣው ቆርቆሮ ነው። የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ጭነት ቀለለ፤ ቆርቆሮም ከመኳንንቱ ግቢ እየወጣ ወደ ተራው ሰፈር ተስፋፋ። ሰው ቆርቆሮ የሚገዛው ዝናብ እንዳያስገባና ለክብር ብሎ ነበር። ከቤት ወደ ቤት የሚዘልን ፍንጣሪ በመግታት ግን ከየትኛውም የእሳት አደጋ መኪና የላቀ ሥራ ሠርቷል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ያልነካው የውስጡን ነው። ከቆርቆሮው ሥር ዛሬም የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ፣ እዚያና እዚህ እየተቀጠለ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የከሰል ምድጃና ሻማ አለ።

የቤተ መንግሥቱ ቧንቧ

ውሃውም የራሱ ታሪክ አለው። በ1880ዎቹ አጋማሽ ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የእንጦጦን የምንጭ ውሃ በቧንቧ ጠልፎ እስከ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አወረደው። የከተማዋ የመጀመሪያ ቧንቧ መድረሻው ግቢ ነበር። ተራው ሕዝብ ቦኖ ላይ እንስራ እስኪደቅን ብዙ ቆየ። ገፈርሳና ለገዳዲ ተገድበው ውሃው ቢበዛም የከተማዋ ሕዝብ ቀደመው፤ ስለዚህ ውሃ በፈረቃ ሆነ። ፈረቃው ደግሞ ሮቶን ወለደ፤ ዛሬ የአዲስ አበባ ጣሪያ ያለ ውሃ ማጠራቀሚያ አይታሰብም።

የስፕሪንክለር ጉዳይ የሚዞረው በዚህች ሮቶ ዙሪያ ነው።

የፋብሪካ ልጅ

መሣሪያው የተወለደው ሰውን ለማዳን አይደለም። አሜሪካዊው ሄንሪ ፓርምሊ እ.ኤ.አ. በ1874 የሠራው በኒው ሄቨን የነበረውን የፒያኖ ፋብሪካውን ከቃጠሎ ለመጠበቅ ነበር። ፍሬድሪክ ግሪኔል በ1881 አሻሻለው። ለአንድና ለሁለት ቤተሰብ መኖሪያ የሚሆን የራሱ ደረጃ የወጣለት በ1975 ነው። ፒያኖ ከተጠበቀ መቶ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የተለመደው ዓይነት ባለ ቀይ ፈሳሽ የመስታወት ፍሬ አለው፤ ሙቀቱ ወደ 68 ዲግሪ ሲደርስ ፍሬው ይሰበርና ውሃ ይለቀቃል። ፊልም ላይ እንደምናየው ሁሉም በአንድ ጊዜ አይፈነዱም፤ የሚከፈተው እሳቱ የነካው ብቻ ነው። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚለው ተረታችን ለዚህ ዕቃ የተነገረ ይመስላል።

ጥቅሙን በማስረጃ ያሳየች ከተማ በአሪዞና በረሃ ያለችው ስኮትስዴል ናት። እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣ ደንብ አዳዲስ ቤቶች ሁሉ ስፕሪንክለር እንዲኖራቸው አዘዘች። ከ15 ዓመት በኋላ ሲቆጠር፣ መሣሪያው ባለበት ቤት በእሳት የሞተ ሰው አልነበረም፤ በሌለበት 13 ሰው ሞቷል። አንድ ቃጠሎ ለማጥፋት ስፕሪንክለሩ በአማካይ 1,300 ሊትር ገደማ ሲፈጅ የእሳት አደጋ ቱቦ 11,000 ሊትር ገደማ ፈጅቷል። ውሃ ብርቅ ለሆነበት አገር ይህ ቁጥር ሁለቴ የሚነበብ ነው።

ስለ ወጪው ግን አጥኚዎች አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ተቋም ጥቅሙ ከወጪው ይበልጣል አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የእንግሊዝ የሕንጻ ምርምር ተቋም ደግሞ የሚያዋጣው ለመጦሪያ ቤቶችና ለረጃጅም የመኖሪያ ፎቆች እንጂ ለተራው ቤት አይደለም ብሎ ነበር። ልዩነቱን ለመረዳት የአሜሪካኑን ጥናት መነሻ ማየት ይበቃል። እዚያ የተሰላው የመጠጥ ውሃው ቧንቧ ራሱ ስፕሪንክለሩን እንዲመግብ ተደርጎ ነው፤ ለብቻው የተዘረጋ መስመር አልታሰበም። እንዲህ ያለው ስሌት ቧንቧው ሌሊትም ቀንም በግፊት የሞላ ነው ብሎ ይነሣል።

ስሌቱ እዚህ ሲሰላ

በተለመደው የመኖሪያ ቤት ስሌት ሁለት ስፕሪንክለሮች ለአሥር ደቂቃ መርጨት አለባቸው። እያንዳንዱ በደቂቃ 49 ሊትር ገደማ ቢለቅ ድምሩ ወደ 1,000 ሊትር ይጠጋል፤ አንድ ሮቶ ማለት ነው። በመጠን ደረጃ እንግዲህ ብዙው ግቢ ከወዲሁ ተዘጋጅቷል።

ችግሩ የሚጀምረው ከግፊቱ ነው። ውሃው በጉልበት እንዲረጭ ቢያንስ ከአምስት ሜትር ከፍታ የሚወርድ ያህል ግፊት ይፈልጋል። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ይህን አይሰጥም፤ ፓምፕ የግድ ነው። ፓምፑ የሚሠራው በመብራት ነው። እሳቱ የተነሣው ከገመድ ከሆነ ቆጣሪው ይወርዳል፤ ፓምፑም አብሮ ይሞታል። በዚያ ላይ ውሃ በጠፋበት ሳምንት የሮቶው ውሃ ለልብስና ለወጥ ተቀድቶ ያልቃል። መፍትሔው የቤት መጠቀሚያውን መውጫ ከፍ፣ የእሳቱን ዝቅ አድርጎ የታችኛውን ውሃ ማንም እንዳይነካው ማድረግ ነው። ርካሽ ዘዴ ነው፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

ቀጥሎ ዋጋው ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የተደረገ ጥናት ወጪውን በካሬ ሜትር ወደ 14 ዶላር ተኩል አድርሶታል። ለ60 ካሬ ቤት 870 ዶላር ገደማ ይሆናል። ቧንቧውና መርጫው ከውጭ የሚገቡ ናቸው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ያ ዶላር በብር ሲመነዘር ሌላ ዋጋ ሆኗል።

ለማን?

ስለዚህ «ይግባ ወይስ አይግባ» የሚለው ጥያቄ «የማን ቤት ውስጥ» በሚል መተካት አለበት። ጸበል ለመጠመቅ መጥቶ በእንጦጦ ግርጌ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት የተከራየ ሰው ከማዳበሪያ ኮርኒስ ላይ ስፕሪንክለር ሊሰቅል አይችልም። በሩም ሁለት እርምጃ ላይ ነው። ለእሱ የሚያዋጣው የሚሠራ ቆጣሪ፣ የማይነድ ኮርኒስ፣ ባትሪ የሚበላ የጭስ ማስጠንቀቂያና መኪና የሚያስገባ መንገድ ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የመርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የመንገዱ ጥበት ሥራውን ምን ያህል እንዳከበደው አይተናል።

ስምንተኛ ፎቅ ላይ ያለችው እናት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እሷ በበሩ ዘልላ አትወጣም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2017 ለንደን ውስጥ ስፕሪንክለር ያልነበረው ባለ 24 ፎቁ ግሬንፌል ሕንጻ ሲነድ 72 ሰው ሞተ፤ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። ከዚያ በኋላ እንግሊዝ ስፕሪንክለር ግዴታ የሚሆንባቸውን አዳዲስ የመኖሪያ ፎቆች ከፍታ ከ30 ሜትር ወደ 11 ሜትር ዝቅ አደረገች። በእኛም በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ከ12 ሜትር በላይ የሆነውን ሕንጻ ጥብቅ ቁጥጥር ካለው ምድብ ሐ ውስጥ ከቶት ነበር። መስመሩ ቀድሞ ተሰምሯል፤ የሚቀረው ከመስመሩ በላይ ላለው መኖሪያ ውሃውን ማስገባት ነው። እዚያ ፓምፑና ትልቁ ማጠራቀሚያ ከሞላ ጎደል ለኑሮውም የግድ ናቸው፤ ጭማሪ ወጪው ለብዙ አባወራ ይከፋፈላል። ግንባታ ሳያልቅ ማስገባት ደግሞ ካለቀ በኋላ ግድግዳ ከመቦርቦር በእጅጉ ይረክሳል።

አንድ ስጋት ግን አለኝ። ኢልግ የዘረጋው ቧንቧ ግቢ ደርሶ ቆሟል፤ ሰፈር የገባው በቦኖ ነው። ስፕሪንክለርም በአፓርታማው ደጃፍ እንዳይቆም፣ ለፎቁ ግዴታ ሲደነገግ ለመንደሩም እሳት አደጋ ሠራተኛ ቱቦውን የሚሰካበት የመንገድ ዳር ውሃ አብሮ መቆጠር አለበት። ያ የእሳት ቦኖ ነው። ከኪዳነ ምሕረት ቁልቁል ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ማገዶውን ለከተማው ያደርሱለታል፤ ማታ የሚገቡት ግን ቧንቧው ወዳልደረሰበት ሰፈር ነው።