የጦብያ ውሻ በጀርመን አገር

በዘመናችን የጀርመን ቴሌቪዥን ከሚያሳያቸው ሣቅ ካለባቸው የፍቅር ተውኔቶች አንዳንዶቹ ወንዱንና ሴቲቱን የሚያገናኙት በውሻ ነው፤ ተመልካቹም አዲስ ብልኃት ይመስለዋል። ዳሩ ግን ነገሩ በዚያው አገር የቆየ ሥር አለው። ማርቲን ሉተር መጽሐፍ ቅዱስን በጀርመንኛ ተርጕሞ በ1534 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ባሳተመ ጊዜ፥ በመጽሐፈ ጦቢት መቅድም ላይ ዮዲትን ትራጄዲያ፥ ጦቢትን ግን ያማረ መንፈሳዊ ኮሜዲያ ብሎታል። ቃሉ ስድብ አይደለም፤ ኮሜዲያ ማለት ፍጻሜው ደስታ የሆነ ተውኔት ነውና። የሚያሳዝነው ሌላ ነው፤ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ የሆነውን እርሱ ለንባብ ይጠቅማል እንጂ ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር አይተካከልም ብሎ ለየው።

በመጽሐፉ ጦብያ ከነነዌ ወጥቶ ወደ ሜዶን አገር ሲሄድ ውሻው ተከተለው፤ ሰባት ባሎች የሞቱባትን ሣራን አግብቶ ሲመለስም ውሻው ከኋላ ነበረ። ከነዚህ ከሁለቱ ስፍራ በቀር አይነሣም፤ አይጮኽም፥ ማንንም ከማን አያገናኝም። መንገዱን የመራው፥ የሣራን ነገር ለጦብያ የነገረው፥ ጋኔን የሚያሳድደውን የዓሣ ልብና ጉበት ያስያዘው መልአኩ ሩፋኤል ነው። የዛሬዎቹ ደራስያን መልአኩን ከመንገድ አስቀርተው ሹመቱን ለውሻው ሰጡት።