በጨለማ የተቀረጸ ሸክላ

በሰሜን ለንደን፣ ሃይበሪ በተባለው ሠፈር፣ በ19ኛው ምእት ዓመት ለቤተ ክርስቲያን አዳራሽነት ታንጾ ኋላ ወደ ሙዚቃ ስቱዲዮነት የተለወጠ፣ ዌሴክስ የሚባል ሕንጻ ነበረ። ቶክ ቶክ የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ጓድ እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 1988 ድረስ «ስፒሪት ኦፍ ኤደን» የተባለውን አልበሙን የቀረጸው በዚህ ቤት ነው፤ ያነጹት ምእመናን እንዲህ ያለ አገልግሎት ይጠብቀዋል ብለው ባያስቡም፣ እኔ ለሕንጻው የተገባ ሥራ ሆኖ አገኘዋለሁ።

በ1981 የተመሠረተው ጓድ በመጀመሪያ ለጭፈራ በሚስማማ ዘፈን የታወቀ ነበር፤ የ1986ቱ «ዘ ከለር ኦፍ ስፕሪንግ» በብዙ ስለ ተሸጠም የሸክላ ኩባንያው ኢ.ኤም.አይ. ለተከታዩ ሥራ ገንዘብና ጊዜ ሳይሰስት ሰጠ። ድምፃዊው ማርክ ሆሊስና አዘጋጁ ቲም ፍሪስ ግሪን ይህን ነጻነት ያዋሉት ማንም ባልጠበቀው ግብር ነበር፦ የስቱዲዮው መብራት ይጠፋል፤ ከዘይት የሚፈነጠቅ ቀለም ብቻ በግድግዳው ላይ ይንቀሳቀሳል፤ ቫዮሊኒስቱ ናይጀል ኬኔዲን፣ የኮንትራባሱን ሊቅ ዳኒ ቶምፕሰንንና ትራምፔት ነፊውን ሄንሪ ላውተርን የመሰሉ እንግዶች በዚያ ጨለማ ውስጥ ልባቸው የመራቸውን ይጫወታሉ፤ ከዚያ ሁሉ ድምፅ አብዛኛው ተፍቆ ጥቂቱ ብቻ ይቀራል።

የአልበሙ ምስጢር ከዚህ ፍቀት የመነጨ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከጎረቤቱ ተለይቶ በአርምሞ መካከል የቆመ አንድ የትራምፔት ድምፅ ለእንግዳ ጆሮ ባዶነት መስሎ ይሰማልና፣ የቀረው ስለ ምን እንደ ቀረ የሚገለጠው ደጅ ለጠና አድማጭ ብቻ ነው። በሸክላው የመጀመሪያ ገጽ ያሉት 3 ዜማዎች ሳይቋረጡ ስለ ተያያዙ፣ ከመካከላቸው አንዱን መርጦ መስማት አይመችም፤ የሃርሞኒካው ጩኸትና የጊታሩ ነጎድጓድ የሚመጡት ከፊታቸው በነበረው ረጅም ጸጥታ ኃይል ነው።

አልበሙ በመስከረም 1988 ሲወጣ በብሪታንያ ሠንጠረዥ ከ19ኛ ደረጃ አላለፈም። ሆሊስ ሥራውን በመድረክ ለመድገም አልፈቀደም፤ ከኩባንያው ጋርም በፍርድ ቤት ተለያዩ። በ1990ዎቹ ግን ሃያሲው ሳይመን ሬይኖልድስ ፖስት ሮክ ብሎ የሰየመው የሙዚቃ ወገን ምንጩ ሲፈለግ፣ ብዙዎች ወደዚህ አልበም ተመለሱ።

እኔን አብዝቶ የሚይዘኝ በሁለተኛው ገጽ የሚገኘው፣ የሄሮይንን ጥፋት የሚያለቅሰው «አይ ቢሊቭ ኢን ዩ» ነው። የጓዱ አባል የሊ ሃሪስ ከበሮ ሳይቸኩል ሳይዘገይ ይሄዳል፤ የቼልምስፎርድ ካቴድራል መዘምራን ድምፅም ሲገባ ሐዘኑን ሳያስረሳ ከፍ ያደርገዋል። ኩባንያው ከ6 ደቂቃ በላይ የሚፈጀውን ይህን ዜማ አሳጥሮ በነጠላ ሸክላ አወጣው፤ ገበያው አልተቀበለውም፤ ሊቀበለውም የሚገባ አልነበረም፣ የተቈረጠው ጊዜ የዜማው አካል ነበረና።