የኢንተርኔት መቆራረጥ

የኢንተርኔት መቆራረጥ ማለት ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ጋር ያለው ግንኙነት በየጊዜው እየጠፋ የሚመለስበት ችግር ነው። ብዙ ሰው ጥፋቱን ወዲያው በአገልግሎት ሰጪው ላይ ይጥላል፣ አንዳንዱም አዲስ ኮምፒውተር ይገዛል። ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት ብዙ ጊዜ ግንኙነቱን ይመልሳል፤ ምክንያቱን ግን አያሳይም፣ እንዲያውም ማስረጃውን ያጠፋል።

መስመሩ የት ላይ እንደተበጠሰ ለመለየት «ፒንግ» የተባለው ትእዛዝ ይጠቅማል። ይህን ፕሮግራም በ1983 እ.ኤ.አ. የጻፈው አሜሪካዊው ማይክ ሙስ ሲሆን ስሙን የወሰደው ከሶናር ድምፅ ነው። ግንኙነቱ በጠፋበት ቅጽበት መጀመሪያ የራውተሩ አድራሻ (ብዙ ጊዜ 192.168.1.1) ይሞከራል። መልስ ከሌለ ችግሩ ከቤት አልወጣም። ራውተሩ መልሶ 8.8.8.8 ዝም ካለ ከራውተሩ ወዲያ ያለው መስመር ይጠረጠራል። ሁለቱም እየመለሱ ድረ ገጾች ብቻ አልከፈት ካሉ፣ ጉድለቱ አብዛኛውን ጊዜ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ በሚለውጠው ዲ.ኤን.ኤስ. ላይ ነው።

ችግሩ ቤት ውስጥ ከሆነ ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኝቶ ማየት ይበጃል። በኬብል ካልተቋረጠ ተጠርጣሪው ዋይፋዩ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ዋይፋይ በማይክሮዌቭ ምድጃ፣ በብሉቱዝና በጎረቤት ራውተሮች ይረበሻል። 5 ጊጋኸርዝ ከዚህ ሁሉ የተሻለ ነው፤ ግድግዳ ግን ቶሎ ያደክመዋል። አንዳንድ ላፕቶፕ ደግሞ ባትሪ ለመቆጠብ የዋይፋይ ካርዱን ራሱ ያጠፋዋል፤ ይህ ከዊንዶውስ ማስተካከያ ሊከለከል ይችላል።

በስልክ ሽቦ በሚመጣ ኢንተርኔት ላይ ስልኩ በጠራ ቁጥር ግንኙነቱ የሚጠፋ ከሆነ በቅድሚያ የሚታየው የስልኩን ድምፅ ከኢንተርኔቱ የሚለየው ማጣሪያ ነው።