ሩቁን የመጥራት ጥበብ

በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ የስልክ ሽቦ ሐረርን ከአዲስ አበባ ጋራ አገናኘ። የሰው ድምፅ እንዲህ ሩቁን እንደ ጠራ፥ ከብዙ ዓመት በኋላ ኮምፒዩተርም ባልንጀራውን መጥራት ተማረ። ቢሬልና ኔልሰን የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ጽሑፍ፥ አንድ ፕሮግራም በሌላ ኮምፒዩተር የሚሠራውን ሥራ በራሱ ዘንድ እንዳለ አድርጎ የሚጠራበትን መንገድ አስረዱ። ጠሪው የሚያነጋግረው በአጠገቡ ያለውን ወኪል ነው፤ ወኪሉም ቃሉን በመስመር ልኮ መልሱን ያመጣለታል። በ1991 የወጣው ኮርባ ይህንኑ ዘዴ መረጃንና ሥራን አንድ ላይ ለያዘው ክፍል፥ ለኦብጀክት፥ አዋለው።

ነገር ግን ወኪል ርቀትን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም። በሐዋሳ ፒያሳ አንድ ነጋዴ ባንክ ገብቶ ገንዘብ ቢያስተላልፍ፥ ትእዛዙም አዲስ አበባ ደርሶ መልሱ ሳይመጣ መስመሩ ቢቋረጥ፥ ገንዘቡ ሄደ ወይስ አልሄደም? ትእዛዙ ቢደገም ሁለት ጊዜ ሊከፈል፥ ቢተው ጭራሽ ሳይከፈል ሊቀር ይችላል። ጂም ዋልዶና ሦስት ባልደረቦቹ በ1994 የቅርቡና የሩቁ ጥሪ እንደ አንድ እንዳይቈጠር ያስጠነቀቁት ስለዚህ ነው። በ1997 የወጣው የጃቫ አርኤምአይም ጥሪው ሊከሽፍ እንደሚችል በግልጽ እንዲጻፍ አስገደደ።

እንግዲህ ይህን ትምህርት የምንማር ሁሉ፥ መጥራትን ብቻ ሳይሆን መልስ ሲጠፋ የሚደረገውንም እንማር። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ መለያ ቍጥር ብንሰጠው፥ ተቀባዩ የፈጸመውን አይደግምም፤ የነጋዴውም ገንዘብ አይጠፋም።