ከጦር ሜዳ ወደ መንገድ ጥገና፦ የወታደር ካሚዮንና የሃይድሮሊክ ክንድ ታሪክ

እንደሚታወቀው የጎጃም ደጋ አርሶ አደርን ከማምረት ባልተናነሰ ሲያስጨንቀው የኖረው ያመረተውን ገበያ ማድረስ ነው። በጮቄ ተራራ ዙሪያ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚጥለው ዝናብ መረሬውን አፈር ጭቃ ያደርገዋል፤ በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ደግሞ ናዳ መንገድ ይዘጋል። በሰሜኑ የዓለም ክፍል መንገድ የሚዘጋው በረዶ ነው። ለጦርነት የተሠራ መኪና የተዘጋ መንገድ ለመክፈት እንዴት እንደዋለ ማወቅ፣ መሣሪያ በጋራ ለሚገዙ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት ቁም ነገር አለው።

ትሬንታ ኳትሮ

የከባድ መኪና ታሪክ በአካባቢው ከጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ጋር የተያያዘ ነው። ወራሪው ስንቅና ጥይት ለማመላለስ ካመጣቸው ካሚዮኖች ስመ ጥሩው ፊያት 634 ኤን ነበር። «ኤን» የተባለችው ፊደል በናፍጣ መሥራቱን የምታመለክት ስትሆን፣ ሕዝቡ ግን ከቁጥሩ መጨረሻ ወስዶ «ትሬንታ ኳትሮ» አለው፤ በጣሊያንኛ ሠላሳ አራት ማለት ነው።

በአንጻሩ በ1933 ዓ.ም. ከሱዳን ድንበር ተነስቶ ከአርበኞች ጋር ጠላትን ከጎጃም ያስወጣው የጌዴዎን ጦር ስንቁን የጫነው በአብዛኛው በግመል ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎችም ጉዞውን ሳይችሉ አለቁ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው።

ከነጻነት በኋላ ከጣሊያን የተረፉት ካሚዮኖች የሕዝብ ዕቃ ማመላለሻ ሆኑ። ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎሚስታ የሚሉት የጋራዥ ቃላት የጣሊያንኛ ቅርሶች ናቸው። ይሁን እንጂ ካሚዮን የቱንም ያህል ጉልበት ቢኖረው ጭቃ ሲውጠው ይቆማል። መኪናው ያለ መንገድ ዋጋ አልነበረውም።

በረዶ ባለበት አገር

በዚያው ዘመን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ አሜሪካ ብዛት ያለው የጦር መኪና ተርፏት ነበር። ባለ ሦስት አክሰሉ የጂኤምሲ ካሚዮን ብቻ ከ500,000 በላይ ተመርቷል። እ.ኤ.አ. በ1944 በወጣው የትርፍ ንብረት ሕግ መሠረት እንዲህ ያለው ንብረት ለሲቪሎች ተሸጠ። ሁሉም ጎማዎቹ ስለሚነዱ፣ ሻንሲውም ጠንካራ ስለሆነ የወታደር መኪና ከፊቱ ምላጭ ተገጥሞለት ለበረዶ ጠረጋ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ።

አገጣጠሙ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። የግፊቱን ኃይል መሸከም ያለበት መከላከያው ሳይሆን ሻንሲው ነው። የምላጩ ክብደት የፊት ባሌስትራውን ስለሚጫነው ባሌስትራው ይጠናከራል፤ ጎማው መሬቱን እንዲቆነጥጥም ከኋላ ጭነት ይደረጋል። ምላጩ ድንጋይ ሲመታ ወደፊት ታጥፎ እንዲመለስ ስፕሪንግ ይገጠምለታል።

ቀድሞ ምላጩ የሚነሳው በእጅ በሚዞር መጠቅለያ ስለነበር ረዳት ያስፈልግ ነበር። ሃይድሮሊክ ይህን አስቀረ። ከሞተሩ ኃይል የሚወስድ ፓምፕ ዘይቱን በጎማ ቱቦ ወደ ሲሊንደር ይገፋል፤ ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሳ ማንሻውን ሲነካ ምላጩ ይነሳል። 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ሲሊንደር ውስጥ በያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር 100 ኪሎ ግራም ግፊት ቢኖር ወደ 5,000 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ኃይል ይገኛል። ገልባጭ መኪና አሸዋ የሚደፋው፣ ትራክተርም ማረሻውን የሚያነሳው በዚሁ ዘዴ ነው።

በኢትዮጵያ የተመረጠው መንገድ

በኢትዮጵያ መንገድ የሚዘጋው አፈርና ውሃ በመሆኑ የበረዶ ምላጭ አላስፈለገም። በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ በተገኘ 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ብድር የጣሊያን ዘመን መንገዶች ጥገና ሲጀመር፣ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም በዚያው ዓመት ተቋቋመ። ለአፈር ሥራ የተሠሩት ዶዘርና ግሬደር ከዚህ ሥራ የማይለዩ ሆኑ። ግሬደር መንገዱን ከመደልደል አልፎ መሐሉን ከፍ፣ ዳሩን ዝቅ አድርጎ ውሃውን ወደ ቦይ ይልካል። በረዶ ሲጠረግ ያልቃል ወይም ይቀልጣል፤ ጭቃ ግን ውሃው ካልተሸኘ በማግስቱ ይመለሳል። የሁለቱ መሣሪያዎች ልዩነት ከዚህ ይመነጫል።

ለማኅበራት የሚሰጠው ትምህርት

በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ማኅበራት በዩኒየን ተደራጅተው ብቻቸውን የማይችሉትን መሣሪያ በጋራ እንዲይዙ መንገድ ከፍቷል። ርካሽ ያገለገለ ካሚዮን ወይም ትራክተር ሲቀርብ ዋጋውን ብቻ ማየት ግን አይበቃም። መለዋወጫው ይገኛል ወይ? የሃይድሮሊኩን ዘይትና ፊልትሮ በጊዜው የሚቀይር ባለሙያ አለ ወይ? መሣሪያው ለአካባቢው አፈር ይስማማል ወይ? የሚሉት ጥያቄዎች በጠቅላላ ጉባኤ መነሳት አለባቸው። የአፈር ማዳበሪያ ለዘር ካልደረሰ የሚጎዳው አባሉ ነውና።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ አንድ አባል የማይችለው መሣሪያ ለብዙዎች ጌጥ ይሆናል። ጌጥ ሆኖ የሚቆየው ግን እንደ ግዢው ሁሉ ጥገናውም የጋራ ሲሆን ነው።