ነሐሴን በጆሮ፣ በወረቀትና በስልክ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ! ነሐሴ ነው። ሰማዩ ከማለዳ ያጉረመርማል፣ ደጁ ጭቃ ነው፣ መብራት ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይሄዳል። በእንዲህ ያለ ወር ሰው ወይ ይተኛል ወይ ያነባል። እኔ ማንበቡን መረጥኩ፤ ግን አንዱን መጽሐፍ በጆሮ፣ አንዱን በወረቀት፣ አንዱን በስልክ ልሞክረው ብዬ ተነሣሁ።

በጆሮው ልጀምር። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ። ሐዲስ አለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ከ500 ገጽ የሚያልፍ መጽሐፍ ነው፤ ወጋየሁ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከተረከው ወዲህ ግን ፊታውራሪ መሸሻን ያለ እሱ ድምፅ የሚያስብ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። ጎረቤቴ እማማ ዐይናቸው ከደከመ ቆይቷልና አብረን ይዘነው ተቀመጥን። ታዲያላችሁ፣ ፊታውራሪ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የመጣውን ሁሉ «ዘሩ አይመጥንም» እያሉ ሲመልሱ፣ እማማ የሚቆሉትን ቡና ትተው ተነሡ።

«አንተ ልጅ፣ አቁመውማ! እኒህ ሰውዬ ዘር ሲቆጥሩ ልጅቷን ቆማ ቀር ሊያደርጓት ነው!»

«ይታገሡ እንጂ እማማ፣ ገና ነው።»

«ምኑን ልታገሥ? የናቷስ አፍ የት ሄደ?»

ቡናው አረረ። እኛም ከፊታውራሪ ጋር ስንሟገት ዝናቡ አባራ።

ማዳመጥ ማንበብ አይደለም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። የቆሎ ተማሪ ፊደል ቆጥሮ፣ ግዕዝ ንባቡን ይዞ፣ በውርድ ንባብ አልፎ ቁም ንባብ እስኪደርስ የሚማረው ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው፤ መምህሩም ስሕተቱን የሚይዙት በጆሯቸው ነው። የመጽሐፉ ጀግና በዛብህ ራሱ የወጣው ከዚያው ትምህርት ቤት አይደለም እንዴ? መጽሐፉ ወደ ጆሮ ሲመለስ አገሩ ገባ እንጂ አልተሰደደም። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረኝ፤ ጉዱ ካሣ። የእሱ ነገር ቆም ብለው የሚያላምጡት ነው፤ ተራኪው ደግሞ አይጠብቅም። ወደ ኋላ ልመልስ ስል ከቦታው አልፌ እሄዳለሁ፤ ወደ ፊት ስል ደግሞ ምዕራፉን እዘላለሁ። መጨረሻ ላይ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርጄ እሱን ብቻ በዐይኔ አነበብኩት።

ወረቀቱ «ኦሮማይ» ነበር። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ በኩል ያሳተመው፣ ጠርዙ የጠቆረ አሮጌ ቅጂ፣ ከወዳጅ የተዋስኩት። ጋዜጠኛ የጻፈው ነገር ያስታውቃል፤ ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ገጹ ራሱን ይገልጣል። መብራት ሄዶ በሻማ ቀጠልኩ፤ አስመራ፣ ቀይ ኮከብ ዘመቻ፣ ፀጋዬና ፊያሜታ። ከእኔ በፊት ያነበበ ሰው እርሳሱን አሹሎ አንዳንድ መስመር ሥር አስምሯል፤ ለምን እንዳሰመረ እየገመትኩ ከማላውቀው ሰው ጋር አብሬ አነበብኩ። መጽሐፉ እንደወጣ ከገበያ ተሰብስቧል። በዓሉም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እጅ የገቡትን ቅጂዎች ግን ማን ይሰብስባቸው? ከጓደኛ ወደ ጓደኛ እየተላለፉ፣ በልብስ ሥር እየተደበቁ ተነበቡ። ወረቀት እንዲህ ነው፤ አንዴ ከሱቅ ከወጣ ጌታው አንባቢው ነው። በሩቅ ሆኖ አዝራር ተጭኖ የሚያጠፋው የለም።

ወደ ስልኩ ስንመጣ አላስረዝምም። ዐይን ያደክማል፣ ባትሪ ይጨርሳል፣ መሐል ላይ መልእክት ይገባና ሐሳብዎን ይዞት ይሄዳል። ስካን የተደረገ ገጽ ሲሆንማ በሁለት ጣት እየለጠጡ፣ መስመሩን ግራና ቀኝ እየጎተቱ ነው። ሆኖም አንድ ውለታ ውሎልኛል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙትን «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ዛሬ «ጦቢያ» የምንለውን፣ በጥንቱ ፊደል መልክ አሳየኝ። በየቃሉ መሐል ሁለት ነጥብ ቆሟል፤ እኛ ባዶ ቦታ የተውንበት ሁሉ። መጀመሪያ ያደናቅፋል፣ ቆይቶ ግን አነባበብን ያረጋጋል። ያን እትም በእጄ ልዳስስ ብል የትኛው መጽሐፍ አዟሪ ክንድ ላይ አገኘው ነበር?

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። ጨዋታና ሙግት የበዛበትን መጽሐፍ በጆሮ፣ ልብ የሚሰቅለውን በወረቀት፣ ከገበያ የጠፋውን ጥንታዊ በስልክ። ከስልኩ ጋር ግን አንድ ጠብ አለኝ። በቴሌግራም የሚዞረው ፒዲኤፍ የጥንት ብቻ አይደለም፤ ትናንት የታተመ፣ ደራሲው ተበድሮ ያሳተመው መጽሐፍ ዛሬ በነፃ ይበተናል። የ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲን ጥቅም በሕይወት ዘመኑ ሁሉና ካረፈ በኋላ ደግሞ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። አፈወርቅ ካረፉ 50 ዓመት ስላለፈ ስካናቸው ማንንም አይጎዳም። ሐዲስ አለማየሁ ግን ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ቁጠሩት፣ ገና ነው።

ስለዚህ ፒዲኤፍ የምትልኩልኝ ወዳጆቼ፣ እጃችሁ አይንጠፍ፤ ዘመኑ ያለፈበትን ላኩልኝ። ሌላውን ከአዟሪው ልግዛ፤ እናንተም ግዙ።